እትዬ ጨለማና ባዶዋ ስላይድ

ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አልክድም። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ፣ መስኮት የሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ ከውስጥ በኩል ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሏል። እትዬ በዚያች ክፍል ውስጥ ሰላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ብገባ ከጨርቁ ኋላ «በሩን!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም «እሺ እትዬ ጨለማ» አልኳት። በማግስቱ የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ እትዬ ጨለማ ይሏት ጀመር። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «ይሁን፤ ብርሃን ብዙ ይዋሻል» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እኔ ቆራጭ ነኝ። ከታማሚ አካል በመርፌ የወጣች፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነች ሥጋ በበረዶ ደርቃ ትመጣልኛለች። እኔ በቀዝቃዛው ማሽን ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ እቆርጣትና ስላይድ በምንላት ብርጭቆ ላይ እለጥፋታለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእትዬ ነው።

አብዛኛው ሥራችን ኩላሊት ነበር። የሰው ገላ አንዳንዴ ይሳሳትና የገዛ መከላከያውን፣ አንቲቦዲ የሚባለውን፣ የራሱ ኩላሊት ማጣሪያዎች ላይ ይለጥፋል። ይህ በዓይን አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን የሚፈልግ፣ ከእንስሳ ደም የተሠራ ፈሳሽ እናፈሳለን፤ ፈላጊ እንለዋለን። ፈላጊው ያገኘውን ይዞ ይቀራል። ቀጥሎ ፈላጊውን አሳዶ የሚይዝ፣ አረንጓዴ ቀለም የተሸከመ ሌላ ፈሳሽ እናፈሳለን፤ እሱ ደግሞ ባለብርሃን ነው። በማይክሮስኮፑ ሲታይ አረንጓዴ ከበራ በሽታው አለ፤ ከጨለመ የለም።

ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ እትዬን ማንም አይፈልጋትም ነበር። ሥጋ ሆዳም ነው። ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል፤ ፈላጊውንም ባለብርሃኑንም ያለቦታቸው ይዞ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሆዱን የሚሞላ ምንም የማያደርግ ነገር ይፈስበታል። እኛ አፍ መዝጊያ እንለዋለን። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ደም ሲረጋ ላዩ ላይ ከሚጠልለው ውሃ የሚሠራ የፍየል ሴረም አለ፣ የአህያ ሴረም አለ፣ ከላም ደም የሚወጣ አልቡሚን የሚባል ዱቄት አለ፣ የዱቄት ወተትም አለ፣ ከዓሣ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ጄላቲንም አለ። ለየትኛው ፈላጊ የትኛው መዝጊያ እንደሚስማማ መምረጥ ነው ዕውቀቱ። ምርጫው ከተበላሸ የዘጋ የመሰለህ ነገር ራሱ ይበራና ጤነኛውን በሽተኛ ያደርገዋል።

እትዬ አፍ መዝጊያ ስትመርጥ ሰው ለልጁ ሞግዚት እንደሚመርጠው ነበር። መርጣም አታምንም። ለእያንዳንዱ ታማሚ አምስት ስላይድ ትጠይቀኛለች። አራቱ ለምንፈልጋቸው አራት ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ፈላጊ አለው። አምስተኛዋን ባዶዋ ትላታለች፤ እሷ ላይ ፈላጊ አይፈስባትም፣ አፍ መዝጊያውና ባለብርሃኑ ብቻ። ባዶዋ መጨለም አለባት። ባዶዋ ከበራች የተቀሩት የሚሉት ሁሉ ውሃ አያነሳም። አንድ ጊዜ አንድ አንቱ የተባሉ ፕሮፌሰር ባዶ ያልተሠራለት ውጤት ይዘው መጥተው አስተያየቷን ቢጠይቋት፣ ስላይዱን ሳታየው መለሰችላቸው። «ዝም ማለት የሚችል ከሌለ የሚናገረውን አላምነውም» አለቻቸው። ሰውዬው በጣም አኮረፉ።

ስለ ወንድሟ ልናገር። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ አራት ዓመቱ ነበር። አባትየው ከዚያ በፊት ወጥቶ ቀርቷል። ዘመድ ተሰብስቦ ልጁን ለአክስት፣ እሷን ለባል ሲያከፋፍል «እኔ ቁሜ ሳለሁ የትም አይሄድም» አለች። ቆይታም እዚሁ ሆስፒታል ጠርሙስና ብርጭቆ ለማጠብ ተቀጠረች። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በማጠቢያው ገንዳ ሥር ካርቶን አንጥፎ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። እሷም ስላይድ ላይ ቀለም የሚቀቡትን እያየች፣ እየጠየቀች፣ ሲሰለቻቸውም ተደብቃ እየሞከረች ሥራውን ቀማቻቸው። ባል የሚሆናት አላጣችም፤ ልጁን ጨምሮ የሚጠይቃት ግን አልመጣም። እንዲህ እያለ ዕድሜዋ ሄደ።

ልጁ አድጎ ሴራሚክ አንጣፊ ሆነ። አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። ሳቂታ ነው፤ ለእሷ ግን ሁልጊዜ ያው የካርቶኑ ልጅ ነው። ሥራ ወደ ሆስፒታሉ ሰፈር የሚያመጣው ቀን ሁሉ ምድር ቤት ጎራ ይልና ከጨርቁ ውጭ ቆሞ «እታለም፣ ፀሐይ ወጥቷል እኮ» ይላታል። እሷም ከውስጥ «ማን ጠየቀህ» ትለዋለች።

ያን ዓመት እግሩ ያብጥ ጀመር። «ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ስለምውል ነው» አለ። ቀጥሎ ፊቱ አበጠ። ለዚህኛው ምክንያት አላገኘለትም። የኩላሊት ሐኪሟ፣ ፈጣንና እንቅልፍ የጠገበች የማትመስል ወጣት ሴት፣ መረመረችውና ሁለቱም ኩላሊቶቹ በግማሽ እንደደከሙ ነገረችን። ከኩላሊቱ ሥጋ በመርፌ መወሰድ ነበረበት። እኛ ክፍል ድረስ ወርዳ እትዬን እንዲህ አለቻት።

«እርስዎን አልደብቅም። ከበራ መድኃኒት አለው። ከባድ መድኃኒት ነው፣ ግን ይሠራል። ካልበራ ጠባሳ ነው ማለት ነው። ለጠባሳ የምሰጠው ምንም ነገር የለኝም፤ የኩላሊት እጥበት ማሽን ተራ እስኪደርሰው መጠበቅ ብቻ ነው።»

«መቼ ይፈልጉታል?» አለች እትዬ።

«ሐሙስ። የኩላሊቱ አቅም በየቀኑ እየወረደ ነው።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ዱብ ዕዳው ደግሞ በዚያው ሳምንት የለመድነው ፈላጊ ማለቁ ነው። ድሮ ከጥንቸል የተሠራ ነበር፤ በምትኩ የመጣልን ከፍየል የተሠራ ሆነ። ባለብርሃኑም አብሮ ተቀየረ። አዲሱ ከአህያ ደም የተሠራና ፍየል የሚባለውን ነገር ሁሉ አሳዶ የሚይዝ ነው። ለዚህ የሚገጥመው አፍ መዝጊያ የአህያ ሴረም ነው። የአህያ ሴረሙ ግን ገና ሁለት ወር ይቀረዋል ተባለ።

ፍሪጁን ከፍተን ፊት ለፊቱ ቆምን።

«የለመድነውን የፍየል ሴረም አድርጊበት» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ባለብርሃኑ ፍየል የሚያሳድድ ሆኖ ሳለ ሥጋውን ፍየል ላጉርሰው? ሃያ ዓመት አብረኸኝ ሠርተህ የገባህ ይኸው ነው?»

«እኔ ቆራጭ ነኝ።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

ወተቱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው፤ ዝቃጭ ይተዋል አለች። የዓሣ ጄላቲኑ ጠርሙስ ከነክዳኑ ታሽጎ ከዓመት በላይ ተቀምጧል። ትኩር ብላ አየችው። «ዓሣን ሠርቼበት አላውቅም። በእሱ ኩላሊት ላይ ደግሞ ሙከራ አልጀምርም» አለች። ከዚያ የላሙን አልቡሚን አወጣች። ንፁህ ነው፤ ለሌላ ሥራ ስንት ዓመት አገልግሏል፤ ፍየልም አይደለም። እኔም አልተከራከርኩም። ሌላ ታማሚ ቢሆን ኖሮ አንድ ሙሉ ቀን ወስዳ፣ በማንም ትርፍ ሥጋ ላይ አራቱንም መዝጊያ ሞክራ፣ የጨለመውን ትመርጥ ነበር። ያ አንድ ቀን አልነበራትም። ወይም የሌላት መስሏት ነበር።

ረቡዕ ናሙናው መጣ። ትንሽ ነበር፤ ግማሹም ስብ። ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ብዙውን ጣልኩና ማጣሪያ ያለበት ቦታ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ቆረጥኩ። አራት ጥሩ ወጡልኝ። አምስተኛዋ ተጣጥፋ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሥጋ የለም። የተጣጠፈችውን በብሩሼ ጠረግኩና ጣልኳት፤ የተጣጠፈ ለእሷ አልሰጥም፣ ትሰድበኛለች። ለባዶ ግን የተጣጠፈም ይበቃ ነበር። ይህንን ያኔውንም አውቀው ነበር፤ ብሩሹን ሳነሳ ግን ዘነጋሁት። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

«ስንት?» አለችኝ።

«አራት።»

«ባዶዋስ?»

«አራት ነው እትዬ። አለቀ።»

ስላይዶቹን ተቀብላኝ ብዙ ቆመች። ከአራቱ አንዱን ለባዶ ብታደርግ ከምንፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ሳይታይ ይቀራል። «የተውኩት እሱ ያለበት ሆኖ ቢገኝስ?» አለች። የጠየቀችው እኔን አልነበረም። ከዚያ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ገባች። በሰላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ባዶዋን የዘለለችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ መጣች። ሦስታችን በዚያች ክፍል ተጠጋግተን ተቀመጥን። ሐኪሟ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅና የመጀመሪያውን አየች፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን፤ አራተኛውን። ስትጨርስ ቀና ብላ «አራቱም በርተዋል» አለች። «ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። አራቱ አንድ ላይ የሚበሩበት ነው። መድኃኒት አለው።»

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማጣሪያዎቹ በጥቁሩ ውስጥ እየተከታተሉ አረንጓዴ ሆነው በርተዋል።  እትዬ በጨለማው ውስጥ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ያቺ ብርሃን ይዋሻል የምትል ሴት ያን ቀን ብርሃኑን አምና አለቀሰች። 

ሐኪሟ ልትወጣ ስትል «ባዶዋስ?» አለች።

«ሥጋው አልበቃም።»

«እርስዎ ከሠሩት ይበቃኛል» አለችና ወጣች።

ወንድምየው መድኃኒቱን ጀመረ። ፊቱ እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የምግብ ፍላጎቱ ሰማይ ነካ። ምድር ቤት መጥቶ «ጎረቤት ሲያየኝ ደልቶት ነው እያለ ነው፤ አንደኛው ብር እንዳበድረው ጠየቀኝ» ብሎ አሳቀን። የአንድ ትልቅ ሆቴል የወለል ሥራ ይዞ ነበር። ሲታመም ትቶት የነበረውን መልሶ «እኔው እጨርሰዋለሁ» ብሎ እንደተቀበለ ነገራት። ሚስቱ ስልክ ደውላ እትዬን መረቀቻት። እትዬ በዚያ ሰሞን ከጨርቁ ኋላ ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ። ድምጿ አያምርም፤ ቢሆንም ዝም ብዬ ሰማሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ የኩላሊት ናሙና መጣ። ያለወትሮው በመሃሉ አንድም አልመጣም ነበር። የአንዲት አስተማሪ ነው፤ ወፍራም፣ ያማረ። አምስት ብትለኝ አሥር እሰጣት ነበር። ስላይዶቹን ሰጥቻት ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ጠራችኝ።

«ቆራጭ፣ ና እስኪ ይህንን እይ።»

አየሁ። «በርቷል» አልኩ።

«የትኛዋ ናት?»

ስላይዷን አውጥቼ ከጨርቁ ውጭ በኮሪደሩ መብራት ጽሑፏን አነበብኩ። ባዶዋ ነበረች።  ተመልሼ ስገባ እትዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መብራቱ የጠፋውን ማይክሮስኮፕ እያየች ነበር።

በማግስቱ ድሮ መሥራት የነበረባትን ሙከራ ሠራች። ከአስተማሪዋ ትርፍ ሥጋ አራት ስላይድ ቆረጥኩላት። በአንዱ የፍየል ሴረም፣ በአንዱ ወተት፣ በአንዱ የላም አልቡሚን፣ በአንዱ የዓሣ ጄላቲን አደረገች። በአንዳቸውም ላይ ፈላጊ አላፈሰሰችም፤ ባለብርሃኑን ብቻ። ሁሉም መጨለም ነበረባቸው። ፍየሉ ቦግ ብሎ በራ። ወተቱ በራ። የላሙ አልቡሚን ልክ በዚያ ሐሙስ ያየነውን አረንጓዴ በራ። ዓሣው ብቻ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«ላምና ፍየል ዘመዳሞች ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «በዱቄቱ ውስጥ የላም ደም ርዝራዥ አለ። ባለብርሃኑ ላሙን ከፍየሉ አይለየውም። ጠባሳ ያለበት ቦታ ደግሞ የበለጠ ይጎርሳል። ስለዚህ ማጣሪያው ላይ ተሰበሰበ። እኔ ያስጎረስኩት ነው የበራው። ይህንን እኮ ጀማሪ ያውቀዋል።»

«እርግጠኛ አይደለሽም» አልኳት። «ከሥሩ እውነተኛውም ሊኖር ይችላል።»

«ሊኖር ይችላል። ላይኖርም ይችላል። አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

እዚህ ላይ የተናገርኩትን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ተናግሬዋለሁ። «እትዬ፣ ዝም በይ» አልኳት። «ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጁ ደስ ብሎታል። ሥራ ጀምሯል። ጡረታሽም አንድ ዓመት አልቀረውም። ተይው።»

«ትናንት ሲያስል ነው ያደረው» አለች። «ይህ መድኃኒት ሰውነቱን መከላከያ አልባ ነው የሚያደርገው። ጉንፋን ይገድለዋል። በሽታው ካለ ይሁን፣ ይቻለው። ከሌለ ግን በእኔ ውሸት ይሙት?»

«ውሸት አይደለም። ስህተት ነው።»

«እስከ ትናንት ስህተት ነበር» አለችኝ። «ካሁን በኋላ ውሸት ነው።»

ነጠላዋን ከመስቀያው አንስታ ወደ ላይ ወጣች። ደረጃው ላይ ግድግዳውን ይዛ ስትወጣ አየኋት፤ እንደዚያ ስትወጣ አይቻት አላውቅም።

ሐኪሟ አልጮኸችም። ቢጮሁ ይሻላል የሚባልበት ጊዜ አለ። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰማቻትና «ባዶዋን ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለች።

«ጠይቀውኛል።»

«ከዚያ ደግሞ ይበቃኛል አልኩ።»

«ብለዋል።»

 ቆይታ ሐኪሟ ነገሩን ዘረዘረችው። በሽታው እውነት ኖሮ መድኃኒቱን ብታቆም ኩላሊቱ በወር ውስጥ ያልቃል። በሽታው ሳይኖር ብትቀጥል መድኃኒቱ ራሱ ሰውየውን ይጨርሰዋል። የሚለየው ሌላ መርፌ ብቻ ነው። ግን ኩላሊቱ አሁን ከፊተኛው ኮስሷል፤ ሊደማም ይችላል። የሚወስነው እሱ ነው።

ለወንድሟ ራሷ ሄዳ ነገረችው። እኔን አብሬያት እንድሄድ ለምናኝ ነበር፤ ሄጄ በሩ አጠገብ ቆምኩ። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ያስላል። ሚስቱ የልጆቹን ዩኒፎርም እያጠፈች ነበር። እትዬ ሳትዞር ሳታማርጥ ተናገረች፤ ስለ ፍየሉም፣ ስለ ላሙም፣ ስላልሠራቻት ባዶም። ሚስትየው የያዘችውን ልብስ እንደያዘች ወደ ጓዳ ገባች።

 «ታዲያ ይህን ሁሉ መርዝ የዋጥኩት ለምንድን ነው?» አለ ወንድሟ።

እትዬ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ጠቀለለች።

«ለልጆቹ እድናለሁ ብያቸዋለሁ እኮ፣ እታለም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ካልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጀርባውን ስታይ ቆይታ ተነሳች። አራት ቀን ደወለችለት፤ ስልኩን አላነሳም። በእነዚያ አራት ቀናት ሥራ ላይ ነበረች፤ የምታናግረኝ ግን ለሥራ ብቻ ነው። ምሳዋን ይዛ መጥታ ሳትከፍተው ይዛው ትመለሳለች።

በአምስተኛው ቀን ተኝቶ ለመታከም ሆስፒታል ገባ። ሳሉ ወደ ሳንባው ወርዶ ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቱን አቆመችና ሳንባውን አከመችው። በሁለተኛው ሳምንት ትንፋሹ ሲመለስ ስለ መርፌው ጠየቀችው። ናሙናውን ወደ ሌላ ሆስፒታል ልንልከው እንችላለን አለችው፤ በሌላ ሰው እጅ።

«አይሆንም» አላት። «እሷ ካልሠራችው አልወጋም።»

ሐኪሟ ግራ ገባት። «ለምን?»

«ሌላው ሰው ለእኔ አይፈራም።»

ይህንን ለእትዬ የነገረቻት ሐኪሟ ናት። እትዬ ስትሰማ ደስ ያላት እንዳይመስልህ። በቁሟ ጠወለገች።

ወንድምየው መርፌውን ተወጋ። እንደተፈራውም ደማ፤ ሁለት ቀን ሽንቱ ቀይ ሆነ፤ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዛ አደረች። ናሙናው እኔ ዘንድ ሲመጣ እጄን በሞቀ ውሃ አሻሸሁና ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ስላይድ አወጣሁ። የተቀደደውንም የተጣጠፈውንም አንዱን ሳልጥል ሁሉንም አቀረብኩላት። እትዬ የዓሣ ጄላቲኑን አዘጋጀች። ፈሳሹን ስታንጠባጥብ፣ ጊዜውን ስትቆጥር፣ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ ነበር።  ሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም።

መብራቱን አጠፋን። መጀመሪያ ባዶዋን አስገባች። ጨለማ ነው፤ አንድ ፍንጣሪ እንኳ የለም። አፍ መዝጊያው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ያዘጋጀቻትን ባዶ አየች፤ እሷም ጨለማ። ከዚያ የመጀመሪያውን ፈላጊ ያለበትን አስገባች።

ጨለማ ነበር።

ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። አራተኛውን ካስገባች በኋላ ቀና አላለችም። ሰዓቱን አላየሁም፤ እግሬ ግን ደንዝዞ ነበር። «ዓይን ሲለምድ አንዳንዴ ይታያል» አለች። እንደማይታይ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ቆይታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ያንን ንፁህ ጥቁር አየሁ። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ቢኖር ብዬ ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ። በዕድሜዬ ስህተት ይገኝ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ብቻ ነው። ከኋላዬ እትዬ በጨለማው ውስጥ ወረቀቱ ላይ ስትጽፍ እሰማለሁ። ስንት ዓመት በጨለማ ጽፋለች፤ መስመሯ ዛሬም አልተዛነፈም።

ውጤቱን ለሐኪሟ ከሰጠች በኋላ ወደ ወንድሟ ወጣን። ፊቱ መልሶ ከስቷል። ሚስቱ ስታየን ተነስታ ወንበሯን ለእትዬ ለቀቀችላትና መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች።

«ጨለመ?» አለ።

«ጨለመ።»

«ባዶዋስ?»

«እሷም ጨልማለች።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው በደንብ ሠርተሽዋል ማለት ነው» አላት።

እትዬ አንገቷን ደፋች። እሱ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ሴራሚክ ያሻከረውን መዳፉን ጉልበቷ ላይ አኖረው።  የእጥበት ተራው በስንት ወር እንደሚደርስ አልጠየቀም፤ እኛም አልነገርነውም።

«እታለም» አለ ቆይቶ፣ «ያ የመጀመሪያው ግን፣ ሲበራ ያምር ነበር?»

ቀና ብላ አየችው።

«በጣም ያምር ነበር» አለችው።